ሲቪሽን አየሁት

ውድ ጓደኛዬ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ዝምታችን ረዘመ። ማን ቀድሞ እንደጠፋ መቁጠሩን ግን እንተወው፣ ሁለታችንም አናተርፍበትም። እኔ ደህና ነኝ። ቤተሰብም ደህና ነው። የቀረውን ወሬ ስንገናኝ እናወጋዋለን።

ኢሜይልሽ ሲደርሰኝ ረጅም ደብዳቤ መስሎኝ ነበር። ለካ አንድ መስመር ነው፦ «እስኪ ይቺን ሲቪ እያት፣ ስንት ቦታ ልኬ የጠራኝ የለም።» ሰላምታ እንኳ የለውም! አንቺ መሆንሽን ያወቅኩት በዚያ ነው። መሥሪያ ቤታችን ሰው ሲቀጥር ማመልከቻ ከሚያጣሩት አንዱ እኔ ነኝ፤ ስለዚህ እንደ ጓደኛም እንደ አጣሪም ነው ያነበብኩት። ሳልሸፋፍን ልንገርሽ።

አራት ገጽ ነው። የመጀመሪያው ገጽ ላይ ፎቶሽ፣ የትውልድ ቀንሽ፣ የጋብቻ ሁኔታሽ፣ ቀጥሎ «ችሎታዬን አዳብሬ ለድርጅቱ ዕድገት የበኩሌን ለመወጣት» የሚል አንቀጽ አለ። ይህን ሁሉ አንብቤ ምን እንደምትሠሪ አላወቅኩም። አንቺን ባላውቅሽ ኖሮ ሁለተኛውን ገጽ አልገልጠውም ነበር።

ክፋት አይደለም። ማመልከቻ ሲከመር አንዱንም ከላይ እስከ ታች የሚያነብ የለም። ዓይናችን የሚሮጠው ወደ መጨረሻው ሥራ ነው፦ ምን ነበረች፣ የት፣ ከመቼ እስከ መቼ። ዘ ላደርስ የሚባል የአሜሪካ የሥራ ድረ ገጽ እ.ኤ.አ. በ2018 የቀጣሪዎችን የዓይን እንቅስቃሴ አጥንቶ ነበር። የመጀመሪያው ዕይታ በአማካይ 7.4 ሰከንድ ሆኖ ተገኘ። ቁጥሩ ከቦታ ቦታ ይለያይ ይሆናል፣ እኔ ግን አልገረመኝም። ስለዚህ የቅርቡ ሥራሽ ከላይ ይምጣ፣ የድሮው ወደ ታች ይውረድ። ሁለት ገጽ ይበቃሻል። ፎቶና የጋብቻ ሁኔታ ማስታወቂያው ካልጠየቀ ይውጣ፤ አሜሪካና እንግሊዝ ላለ ቀጣሪ ከሆነማ ጭራሽ አይመከርም።

አሁን ዋናው ጉዳይ። የሥራ ልምድ ካልሽው ሥር እንዲህ ብለሻል፦ «የመጋዘን ሥራዎችን በኃላፊነት ማከናወን፣ ሪፖርት ማዘጋጀት፣ ከቅርብ ኃላፊ የሚሰጡ ተጨማሪ ሥራዎችን መፈጸም።» ይሄ እኮ ከቅጥር ደብዳቤሽ ላይ የተገለበጠ ነው! በዚያ ወንበር ላይ የተቀመጠ ሁሉ፣ ጎበዙም ሰነፉም፣ ይህንኑ ይጽፋል። አንቺ ግን ያኔ ምን እንደሠራሽ አልረሳሁም። ከወረቀት መዝገብ ጋር ስትታገይ ሰንብተሽ፣ ማንም ሳያዝሽ ሁሉንም ወደ ኤክሴል እንዳስገባሽው በስልክ ስትነግሪኝ ነበር። ታዲያ እሱ የት ገባ? እንዲህ ብትይውስ፦ «የመጋዘኑን መዝገብ ከወረቀት ወደ ኤክሴል አዘዋውሬያለሁ። አንድ ሳምንት ይፈጅ የነበረው ወርኃዊ ቆጠራ በሁለት ቀን ማለቅ ጀምሯል።» ይህን የሚያነብ ሰው ቢያንስ ቆም ይላል። ሊጠይቅሽ የሚፈልገው ነገርም ያገኛል።

«እኔ ቁጥር የለኝም» እንዳትይኝ። አለሽ። ስንት ሰው አብሮሽ ይሠራ ነበር? ስንት ዓይነት ዕቃ ነበር የምትቆጣጠሪው? ምን ጠፍቶ ታገኚ ነበር፣ አንቺ ከገባሽ በኋላስ? በእርግጥ የማታስታውሺውን አትጻፊ። ቃለ መጠይቅ ላይ «ይቺን ነገር እንዴት አደረግሻት?» ብዬ ስጠይቀው ላብ ያጠመቀው ሰው አይቻለሁ፣ ደስ አይልም።

ሌላው፣ አንዱን ሲቪ ለሁሉም ቦታ መላክሽ ነው። ሊዮናርዶ ዳ ቪንቺ እንኳ እንዲህ አላደረገም። እ.ኤ.አ. በ1482 ገደማ ለሚላኑ ገዢ ለሉዶቪኮ ስፎርዛ ያዘጋጀው የሥራ መጠየቂያ ደብዳቤ ዛሬም አለ። ተነቃቃይ ድልድይ፣ መድፍ፣ የተሸፈነ የጦር ሠረገላ መሥራት እችላለሁ እያለ ይዘረዝራል። ሥዕል እንደሚችል የሚያነሳው ወደ መጨረሻው ነው። ሊዮናርዶ፣ ሥዕልን በመጨረሻ! ገዢውን ያስጨነቀው ጦርነት ነበራ። አንቺም ማስታወቂያውን አጠገብሽ አስቀምጪና ሰዎቹን ምን እንደቸገራቸው ፈልጊ። እሱን የሚነካው ሥራሽ ወደ ላይ ይውጣ፣ የማይነካው ይጠር።

ይህ ለማሽንም ይጠቅማል። ብዙ ትልልቅ ድርጅቶች ሲቪውን መጀመሪያ የሚቀበሉት በሶፍትዌር ነው። ሶፍትዌሩ ጽሑፉን በትኖ ሥራን ለብቻ፣ ትምህርትን ለብቻ ያስቀምጣል። ቀጣሪውም በቃላት ይፈልጋል። ማስታወቂያው «የንብረት አስተዳደር» እያለ አንቺ «የስቶር ሥራ» ካልሽ ላትገኚ ትችያለሽ። እውነት እስከሆነ ድረስ የእነሱን ቃል ተጠቀሚ። አንዳንድ ብልጣ ብልጥ ቃላቱን በነጭ ቀለም ጽፎ ገጹ ላይ ይደብቃል። ሶፍትዌሩ ጽሑፉን ሲያወጣው ሁሉም ፍጥጥ ብሎ ይታያል፣ ማፈሪያ ነው።

ያ ባለ ሁለት ዓምድ፣ በኮከብ ችሎታ የሚለካው ቴምፕሌትሽም ይቅር። ያምራል፣ አልክድም። ግን «እንግሊዝኛ፦ አራት ኮከብ» ማለት ምን ማለት ነው? ማን ሰጠሽ? ደግሞ ፒዲኤፉን ክፈቺና ጽሑፉን በሙሉ ኮፒ አድርገሽ ባዶ ኖትፓድ ላይ ለጥፊው። እኔ ሞክሬዋለሁ፤ ስልክሽ ትምህርትሽ መሃል ገብቷል፣ ቀኖቹ ከሥራዎቹ ተለያይተዋል። ብዙ ጊዜ ማሽኑም የሚያየው ይህንኑ ነው።

እናትሽን ስታስታምሚ ስለቆየሽበት ጊዜ ደግሞ፦ ዓመቶቹን አዘበራርቀሽ ክፍተቱን ልትሸፍኚ ሞክረሻል። አያስፈልግም። እኛ ክፍተቱን እናየዋለን፣ ሳይነገረን ሲቀር ነው ብዙ የምናስበው። «የታመመ የቤተሰብ አባል በማስታመም ላይ» ብለሽ ከዓመቶቹ ጋር አንድ መስመር አስቀምጪ፣ በቃ። ማብራሪያም ይቅርታም አትጨምሪ። በዚያ መሃል የወሰድሽው የሒሳብ ኮርስ ካለ እሱም እዚያው ሥር ይግባ።

ትንንሾቹን ቶሎ ልበል። «ታታሪ፣ በግፊት ውስጥ መሥራት የምትችል» የሚለው ይሰረዝ፣ ሁሉም ይለዋል። ስለ ሥራሽ የሚመሰክሩልሽን ሰዎች ሳትጠይቂ ስማቸውን አትስጪ። የፋይሉ ስም «ሲቪ ፋይናል ፋይናል 3» ነው፤ በራስሽ ስም አድርጊው። ከመላክሽ በፊት ሌላ ሰው ያንብብልሽ፣ የራስን ፊደል ግድፈት ዓይን ይዘለዋል።

አዲሱን ስትጨርሺ ከሥራ ማስታወቂያው ጋር አብረሽ ላኪልኝ። ብቻውን ከመጣ አላየውም፣ ለማን እንደተጻፈ ሳላውቅ ምን ልበልሽ?

አንድ ነገር ረስቼ። ይህን ሁሉ ከምጽፍ ብዬ ሲቪው ላይ ባለው ቁጥር ደውዬልሽ ነበር። አንድ ትልቅ ሰው አነሱ። «ልጄ፣ እሷን ፈልገው ሲደውሉ ያንተ የመጀመሪያ አይደለም» አሉኝ። ማን እንደደወለ አላስታወሱም። ስልክሽን ዛሬውኑ አስተካክይ፣ ለእኔም አዲሱን ላኪልኝ።

ያንቺው ጓደኛ