መምህራን ሆይ፣ የተማሪዎቻችሁን ሪኮመንዴሽን እባካችሁ ራሳችሁ ጻፉት

ለተከበራችሁ የጋዜጣው አዘጋጆች፣

ጤና ይስጥልኝ። ጋዜጣችሁን ማንበብ ከጀመርኩ ቆይቻለሁ፣ ውጭ ሄዶ ስለመማር የወጣ ነገር ካለ ደግሞ መጀመሪያ የምገልጠው እሱን ገጽ ነው። ግን ሁልጊዜ የሚወራው ስለ ስኮላርሺፕ፣ ስለ አይልትስና ቶፍል የእንግሊዝኛ ፈተና፣ ስለ ቪዛ ነው። ይወራ፣ ያስፈልጋል። እኔ ዛሬ ማንሳት የፈለግኩት ግን ብዙ ሰው ቦታ የማይሰጠውን ሪኮመንዴሽን ሌተርን፣ ማለትም መምህር ስለ ተማሪው የሚጽፈውን የምስክርነት ደብዳቤ ነው፣ የምጽፈውም በዋናነት ለመምህራን ነው፣ ተማሪዎችም ብታነቡት ይጠቅማችኋል።

እስቲ አስቡት። አንድ ልጅ ለማስተርስ ወይ ለፒኤችዲ ውጭ አፕላይ ሲያደርግ የሚጠየቀው ነገር ሁሉ ማለት ይቻላል በራሱ እጅ ያለ ነው። የእንግሊዝኛ ፈተናው ካልመጣለት አጥንቶ ይደግመዋል፣ ስለራሱና ለምን መማር እንደሚፈልግ የሚጽፈውን ስቴትመንት አስር ጊዜ ጽፎ አስር ጊዜ ያፈርሰዋል፣ ትራንስክሪፕቱን ሬጅስትራር ደጅ ጠንቶ ያወጣል። ሪኮመንዴሽኑ ብቻ ነው በሌላ ሰው እጅ ያለው። ያ ሰው ከረሳ ወይ ከዘገየ ልጁ ምንም ማድረግ አይችልም፣ ቁጭ ብሎ መጠበቅ ነው።

ሁሉም አገር አንድ አይነት አይደለም። አሜሪካ አብዛኛው ዩኒቨርሲቲ 3 ደብዳቤ ይጠይቃል፣ እንግሊዝ ብዙ ጊዜ 2 ነው፣ ጀርመን ደግሞ ለማስተርስ ጭራሽ የማይጠይቁ ፕሮግራሞች አሉ፣ ትራንስክሪፕትና ሞቲቬሽን ሌተር ይበቃቸዋል። ፒኤችዲ ላይ ሲደርስ ግን ነገሩ ይከብዳል፣ ምክንያቱም እዛ ያለው ፕሮፌሰር የሚመርጠው ለ4 ለ5 ዓመት አብሮት የሚሠራ ሰው ነው፣ ደሞዙንም ብዙ ጊዜ ከራሱ የምርምር ፈንድ ነው የሚከፍለው፣ ስለዚህ ማወቅ የሚፈልገው ይሄ ልጅ ሥራው አልሄድ ሲለው ምን ያደርጋል፣ ተስፋ ይቆርጣል ወይስ ይቆፍራል የሚለውን ነው። ይሄን ግሬድ አይነግረውም። በተለይ ልጁ የተማረበትን ትምህርት ቤት ሰምቶት የማያውቅ ከሆነ 3.6 ግሬድ ያ ቤት ውስጥ ከባድ ይሁን ቀላል በምን ያውቃል? ከፈረንጆቹ 2020 ወዲህ ደግሞ ጂአርኢ የሚባለውን የመግቢያ ፈተና የተዉ ዲፓርትመንቶች ብዙ ናቸው፣ ስለዚህ ልጁን ከሌላው የሚለይላቸው ነገር አንድ ቀነሰ ማለት ነው፣ ለኔ እንደሚመስለኝ የደብዳቤው ክብደት ከድሮው ጨመረ እንጂ አልቀነሰም።

የራሴን ልንገራችሁ። መጀመሪያ አፕላይ ያደረግኩ ጊዜ 6 ዩኒቨርሲቲ ነበር የመረጥኩት። ሁለቱ መምህሮቼ በጊዜ ላኩልኝ፣ እግዜር ይስጣቸው። ሦስተኛው «ምን ችግር አለው፣ እጽፍልሃለሁ» ብለውኝ ነበር። ዴድላይኑ የፈረንጆቹ ዲሴምበር 15 ነው። ማመልከቻው የሚገባበትን ድረ ገጽ፣ ፖርታሉን፣ ስከፍተው ሦስት ስም ተደርድሯል፣ ሁለቱ ጎን አረንጓዴ ምልክት አለ፣ ሦስተኛው ጎን «አልደረሰም» ይላል። ጠዋት አያለሁ አልደረሰም፣ ማታ አያለሁ አልደረሰም። ማስታወሻ ልልክላቸው «መምህር እንደምን ሰነበቱ፣ ስለማስቸግርዎ ይቅርታ» ብዬ ጀምሬ እሰርዘዋለሁ፣ ቅር ቢላቸውስ፣ ጭራሽ ቢተዉትስ እያልኩ። መላክ የቻልኩት ሊዘጋ ሁለት ቀን ሲቀረው ነው። መልሳቸው የመጣው ከዘጠኝ ቀን በኋላ፣ «ደብዳቤው የሚላክበት ሊንክ ስፓም ውስጥ ገብቶ ነው፣ አሁን አየሁት» ብለው።

አንዳንድ ዩኒቨርሲቲ ደብዳቤ ከዴድላይኑ በኋላም ትንሽ ቀን ይታገሳል፣ ከመረጥኳቸው ሦስቱ ግን አልታገሱም፣ ፋይሌ ያልተሟላ ተብሎ ሳይነበብ ቀረ። የማመልከቻ ክፍያ ደግሞ አይመለስም፣ ይታወቃል። እኒህን መምህር በክፉ አላነሳቸውም፣ የሚያስተምሩት ኮርስ ብዛት የሰው አቅም አይደለም፣ ደግ ሰው ናቸው። ግን ዓመቴ ሄደ። የቶፍልና የአይልትስ ውጤት የሚያገለግለው ለ2 ዓመት ነው፣ ስለዚህ አንድ ዓመት ሲቃጠል ፈተናውም አብሮ ማርጀት ይጀምራል።

በሁለተኛው ዓመት ሌላ መምህር ጋ ሄድኩ። እሳቸው ደግሞ «አንተው ጻፈውና አምጣ፣ እፈርማለሁ» አሉኝ። ይሄ ነገር የትም የተለመደ ነው፣ ከተለያየ አገር የመጡ ጓደኞቼን ስጠይቅ ብዙዎቹ ደርሶባቸዋል። ቤቴ ገብቼ ላፕቶፑን ከፍቼ ስለራሴ «ይህ ተማሪ ታታሪ፣ ሥነ ምግባር ያለው፣ ከጓደኞቹ ጋር ተግባቢ» ብዬ ጻፍኩ። አንድ ገጽ ሞላሁ። ከዛ አነበብኩት። ከስቴትመንቴ ጋር ጎን ለጎን ሳስቀምጠው አረፍተ ነገሩ አንድ ነው፣ «በተጨማሪም» የምትለዋ ቃል እንኳን እዛም እዚህም በአንድ ቦታ ነው የገባችው። በመቶ የሚቆጠር ፋይል የሚያነብ ኮሚቴ ይሄን አያውቅም ብሎ ማሰብ ራስን ማታለል ነው። ከዛ በላይ ግን ውስጤን ከበደኝ፣ የሌላ ሰው ምስክርነት በሌላ ሰው ስም እየጻፍኩ ነው፣ ይሄ ውሸት ነው።

በማግስቱ ተመለስኩና እንዲህ አልኳቸው፣ «መምህር፣ ደብዳቤውን እኔ ከምጽፈው አብረን የሠራነውን በአጭሩ ጽፌ ላምጣልዎት፣ እርስዎ የሚያስታውሱትን ይጻፉበት»። ትንሽ አዩኝና እሺ አሉ። አንድ ገጽ ወሰድኩላቸው፣ የየትኛው ኮርስ ስንት እንዳመጣሁ፣ የመመረቂያ ሥራዬ ርዕስ፣ የዩኒቨርሲቲዎቹ ስምና ዴድላይን፣ ሲቪና የስቴትመንቴ ረቂቅ። ምን እንደጻፉ አላየሁም። አሜሪካ ከፈረንጆቹ 1974 ጀምሮ ፌርፓ የሚባል ሕግ አለ፣ ተማሪው ገብቶ ከተመዘገበ በኋላ ፋይሉን የማየት መብት ይሰጠዋል፣ ፎርሙ ላይ ግን «የተጻፈልኝን ደብዳቤ የማየት መብቴን ትቻለሁ» የምትል ሳጥን አለች፣ እሷን ምልክት ያደረግክ እንደሆነ አንባቢው ደብዳቤውን ያምነዋል፣ መምህሩ በነጻነት ነው የጻፈው ብሎ። ብዙ ተማሪ ፈርቶ ይተዋታል። አትፍሩ፣ የምትፈሩት ሰው ከሆነ መጀመሪያውኑ አትጠይቁት።

ከዛ ኢንተርቪው ተጠራሁ። ፕሮፌሰሯ ሰላም ካለችኝ በኋላ መጀመሪያ የጠየቀችኝ «ሁለት ወር የፈጀብህ የዳታ ስህተት ምን ነበር?» ብላ ነው። ክው ነው ያልኩት። የመመረቂያ ሥራዬን ስሠራ መለኪያው በትክክል ስላልተስተካከለ የሰበሰብኩት ዳታ በሙሉ ተበላሽቶ ነበር፣ እኔው ራሴ ነኝ ያገኘሁት፣ ሄጄ ለአማካሪዬ ተናግሬ ከዜሮ ጀመርኩ። ይሄን ነገር ስቴትመንቴ ላይ አልጻፍኩትም፣ ሲቪዬ ላይም የለም፣ እኔ እኮ እንደ ነውር ነበር የማየው። ደብዳቤውን የጻፉልኝ መምህር ግን አስታውሰው ጽፈውታል። ግማሹን ሰዓት ስለሱ ነው ያወራነው፣ በሦስተኛው ሳምንት ፈንዱን ጨምሮ ተቀበሉኝ።

እንግዲህ ለመምህራን የምለው ይሄን ነው። ተማሪው ስለራሱ ቢጽፍ የሚጽፈው ጎበዝ ነኝ የሚለውን ነው። እናንተ ያያችሁትን እሱ አላየውም፣ ያየውም እንደሆነ ለማውራት የሚያፍርበት ነው። አንድ ቀን ያያችሁት አንድ ነገር፣ ክፍል ውስጥ የጠየቀው ጥያቄ፣ ላብራቶሪ ውስጥ ያመሸበት ምክንያት፣ ጓደኛው ያልገባውን ሲያስረዳው የሰማችሁት፣ እሱን ብቻ በሦስት መስመር ብትጽፉት «ታታሪና ጎበዝ» ብላችሁ ከምትሞሉት ገጽ ይበልጣል።

ሌላው ፎርሙ ነው። ፖርታሉ ደብዳቤ ብቻ አይደለም የሚጠይቀው፣ ሠንጠረዥም አለው፣ ልጁ በምርምር ችሎታ በጽሑፍ በትጋት ካስተማራችኋቸው ውስጥ ከላይ 5 በመቶ ውስጥ ነው ወይ፣ 10 ውስጥ ነው ወይ፣ 25 ውስጥ ነው ወይ ይላል። አንዳንድ መምህር ማጋነን አይወድም፣ ልጁ በጣም ጎበዝ ሆኖ ሳለ በትህትና «ጥሩ» የሚለው ላይ ምልክት ያደርጋል። እሱ ማመስገኑ ነው። አሜሪካ ውስጥ ግን ሰው ሁሉ አጋኖ የሚጽፍ ስለሆነ «ጥሩ» ማለት ደካማ ማለት ሆኖ ነው የሚነበበው። አውሮፓ ትንሽ ቁጥብ ናቸው። አጋኑ ማለቴ አይደለም፣ እውነት የሆነውን ሙሉውን ተናገሩ ነው የምለው፣ ያላያችሁትን ደግሞ «አላየሁም» የሚል ምርጫ ካለ እሱን ምረጡ፣ ሁሉንም ከላይኛው ላይ ማሰለፍም አያሳምንም። ለአስር ትምህርት ቤት ስትልኩ የዩኒቨርሲቲውን ስም መቀየር እንዳትረሱ፣ የአንዱ ስም ለሌላው ሲሄድ ልጁን ያሳፍረዋል።

ኢሜይልም አለ። ብዙ ትምህርት ቤት ከዩኒቨርሲቲ ኢሜይል የመጣ ደብዳቤ ነው የሚፈልገው። የተቋሙ ኢሜይል የማይሠራ ከሆነ በግል ኢሜይላችሁ ላኩ፣ ግን ማኅተም ወይ አርማ ባለው የዲፓርትመንት ወረቀት ላይ ይሁን፣ ፊርማና የሥራ መደብ ይኑረው። ዲፓርትመንት ሄዶች ይሄን ኢሜይል የማስተካከል ነገር እንደ ትንሽ ነገር አትዩት።

ተማሪዎች ደግሞ እባካችሁ የውሸት ኢሜይል ከፍታችሁ በመምህር ስም ራሳችሁ አትላኩ። ሲጨንቃችሁ ይገባኛል፣ እኔም ጨንቆኛል። ግን ከተደረሰበት ተቀብለዋችሁም ከሆነ ይሰረዛል፣ ከናንተ በኋላ ከዛው ትምህርት ቤት የሚያመለክት ልጅ ሁሉ በጥርጣሬ ነው የሚታየው። ቢያንስ ከአንድ ወር ተኩል በፊት ጠይቁ፣ ሊንኩ እንደተላከ ንገሯቸው፣ ሳምንት ሲቀረው አስታውሱ፣ ማስታወስ ድፍረት አይደለም። ዴድላይኑ በማን አገር ሰዓት እንደሆነም አረጋግጡ፣ እኩለ ሌሊት የሚለው ብዙ ጊዜ የነሱ እኩለ ሌሊት ነው። ከተመረቃችሁ ዓመታት አልፈው መምህራችሁ ጡረታ ወጥተው ወይ አርፈው ከሆነ ለምታመለክቱበት ፕሮግራም ጻፉና ጠይቁ፣ አንዱ ደብዳቤ ከሥራ አለቃ እንዲሆን የሚፈቅዱ አሉ።

መጻፍ የማትችሉ መምህራን ደግሞ ካላችሁ፣ ጊዜ ከሌላችሁ ወይ ልጁን ካላስታወሳችሁት፣ በመጀመሪያው ቀን «አልችልም» በሉት። እምቢታ አይጎዳውም፣ ሌላ ሰው ይፈልጋል። የሚጎዳው «እሺ» ብላችሁ መጥፋታችሁ ነው። አሜሪካ ውስጥ ፈንድ ያገኘ ልጅ በብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ስምምነት እስከ ኤፕሪል 15 አስቦ ይወስናል፣ ከሱ በፊት ያለው ወራት ሁሉ ጥበቃ ነው፣ ያን ሁሉ ወር «ያቺ ደብዳቤ ደርሳ ይሆን?» እያለ የሚያድር ልጅ አለ።

አሁን እኔም አስተምራለሁ፣ ደብዳቤ የሚጠይቁኝ ልጆች አሉኝ። ባለፈው አንዷ ተማሪዬ ቢሮ በር ላይ ቆማ ሦስት ጊዜ «ካላስቸገርኩዎት» አለች፣ ገና ምን እንደምትፈልግ ሳትነግረኝ። አስቀመጥኳትና የትኛውን የራሷን ሥራ እንደምትወደው ጠየቅኳት፣ አንድ ያልተሳካ ሙከራ ነው የነገረችኝ። እሱን ጻፍኩላት።

ይሄን ደብዳቤ ካወጣችሁት እባካችሁ ዲሴምበር ከመግባቱ በፊት ይሁን፣ ሊንኮቹ የሚላኩት በነዚህ ሳምንታት ነው። መምህራንም ዛሬ ማታ ኢሜይላችሁን ስትከፍቱ ስፓሙን አንዴ እዩልኝ።

አክባሪያችሁ፣
አንድ መምህርና የዘወትር አንባቢያችሁ