ኔጋቲቮቻችሁን እቤት ስካን ለምታደርጉ ደንበኞቻችን

ውድ ደንበኞቻችን፣

የቤተሰብ ኔጋቲቮቻችሁን በራሳችሁ ስካነር እያነሣችሁ ለቀለም እርማትና ለኅትመት የምትልኩልን ፋይሎች እየበዙ ስለመጡ፣ በስካን ጊዜ ልትጠነቀቁባቸው የሚገቡ ነገሮችን በዚህ ደብዳቤ ልናስረዳችሁ ወደድን።

ከሁሉ በፊት የምንለምናችሁ፣ ፎቶውን ስካነሩ እንዲያሳምርላችሁ እንዳትፈቅዱለት ነው። ፕሮግራሙ ቀለሙንና ንፅፅሩን በራሱ ሲያስተካክል፣ እጅግ ብሩህና እጅግ ጨለማ የሆኑትን ቦታዎች ዝርዝር ብዙ ጊዜ ይቆርጠዋል፤ አንዴ የተቆረጠውን ደግሞ እኛ መልሰን ልናመጣው አንችልም። በቅርቡ በደረሰን አንድ የሠርግ ፎቶ ላይ የሙሽራዋ እናት ነጠላ ከጥለቱ በቀር አንድ ወጥ ነጭ ሆኖ ነበር። ኔጋቲቩን አስመጥተን ያለ ምንም ማስተካከያ ስካን ስናደርገው ግን የሸማው እጥፋትና የድሩ መስመር ሳይቀር ታየ። ነጭ ልብስ በኔጋቲቭ ላይ ጥቁሩ ቦታ ስለሆነና ብርሃን በጥቂቱ ብቻ ስለሚያልፍበት፣ ችኩል ስካን መጀመሪያ የሚጎዳው እሱን ነው።

ስለዚህ አውቶማቲክ ማስተካከያዎቹን በሙሉ አጥፉ፤ ፋይሉንም በጄፔግ (JPEG) ሳይሆን ቲፍ (TIFF) በሚባለው የፋይል ዓይነት፣ በ16 ቢት አስቀምጡልን። ጄፔግ ለእያንዳንዱ ቀለም 256 ደረጃዎች ብቻ ሲኖሩት 16 ቢት ከ65,000 በላይ ስላሉት፣ የደበዘዘ ፎቶ ስናድስ ሰማዩና የሰው ፊት ሳይሰነጣጠቅ ይወጣልናል። ቪውስካን (VueScan) የተባለውን የስካን ፕሮግራም የምትጠቀሙ ከሆነ ጥሬ፣ ማለትም ያልተስተካከለ፣ ፋይል የሚያስቀምጠውን ምርጫ ክፈቱ። የቀለም ኔጋቲቩ ሳይገለበጥ፣ ብርቱካናማና ደብዛዛ ሆኖ ቢታያችሁ አትደንግጡ፤ ብርቱካናማው የፊልሙ የራሱ ቀለም ነው፣ እኛም የምንፈልገው ይህንኑ ነው። በፎቶዎቹ መካከል ያለውን ባዶ የፊልም ክፍል ጨምራችሁ ብታነሡልን፣ ቀለሙን የምናሰላው ከእሱ ተነሥተን ስለሆነ ሥራችንን እጅግ ያቀልልናል።

ለ35 ሚሊሜትር ፊልም በጠፍጣፋ ስካነር 2400 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች የሚነበቡ ነጥቦች ብዛት) ይበቃል። አንዱ ፎቶ 3400 በ2270 ፒክስል ገደማ ይወጣዋል፣ ፋይሉም 46 ሜጋባይት ያህል ይሆናል፤ በስካነሩ ካርቶን ላይ የተጻፈው ትልቅ የዲፒአይ ቁጥር በአብዛኛው ፋይሉን ከማክበድ በቀር የሚጨምረው ዝርዝር ጥቂት ነው።

አቧራን በኢንፍራሬድ (በዓይን በማይታይ ብርሃን) የሚያጠፋውን ምርጫ ለተለመደው ጥቁርና ነጭ ኔጋቲቭ አትጠቀሙበት። ምስሉን የሠራው የብር ማዕድን ኢንፍራሬዱን ስለሚያግድ፣ ስካነሩ ምስሉን ራሱን እንደ ጭረት ቆጥሮ ያበላሸዋል። አቧራውን በእጅ በምትጨመቅ የአየር ጎማ አራግፉ እንጂ በአፋችሁ እፍ አትበሉበት፤ የምራቅ ጠብታ ፊልሙ ላይ ከደረቀ እድፉ በቀላሉ አይለቅም።

ፋይሎቹን ከላካችሁ በኋላም ኔጋቲቮቹን በደረቅ ቦታ አስቀምጡልን፤ እንደገና ስካን እንዲደረግ የምንጠይቅበት ፎቶ ሊኖር ይችላል።

ከአክብሮት ጋር፣
የፎቶ እድሳት ክፍል