ቆላ ለወረደችው እህቴ

ደሴ፣ መስከረም

ሆዴ፣

እንደምን ከርመሻል? ልጆቹስ? እማማስ ጉልበታቸው ተሻላቸው ወይ? እኔ ለፈጣሪ ምስጋና ይግባውና ደህና ነኝ። ሁለት ዓመት ሙሉ ድምፄን ማጥፋቴን አልክድም፤ ሰበብ ከምደረድርልሽ አፉ በይኝ ብል ይሻላል።

ደሴን ለቃችሁ ሐርቡ መውረዳችሁን የሰማሁት ሰሞኑን ነው። «ቆላው ለልጆቹ አልተስማማቸውም፣ አንዱ ሲነሳ አንዱ ይተኛል» ብለሽ የላክሽብኝ ቃል እንደደረሰኝ ወረቀት አወጣሁ። ናፍቆቱን ስንገናኝ እናወራዋለን። ዛሬ የሙያዬን ልጻፍልሽ። ልጅ ሲታመም ወይም ሲጎዳ ደንግጠን መጀመሪያ የምናነሳው ነገር፣ ቅቤው፣ ክብሪቱ፣ ምላጩ፣ ጉዳቱን ሲያባብሰው ይታያል። ስለዚህ የማይደረገውንም ከሚደረገው እኩል እጽፍልሻለሁ።

ከተቅማጡ ልጀምር፤ የሰባት ወሯ አሳስባኛለች። ተቅማጥ ልጅ የሚገድለው ውሃና ጨው ከሰውነት ስለሚያሟጥጥ ነው። ለዚህ ነው እኛ ለምለም የምንለው ሕይወት አድን ንጥረ ነገር ከማንኛውም መድኃኒት የሚቀድመው። ግን አበጣጠሩ ላይ ብዙ ሰው ይስታል። እጅሽን በሳሙና ታጠቢ፤ አንድ ሊትር ፈልቶ የቀዘቀዘ ውሃ ንጹሕ ዕቃ ውስጥ ለኪ፤ ፓኬቱን በሙሉ ገልብጪበትና እስኪሟሟ አማስዪው። የሃይላንድ ጠርሙስ መለኪያ ይሆናል፤ ነገር ግን ግማሽ ሊትሩም ሁለት ሊትሩም ስላለ ጽሑፉን ሳታዪ እንዳትሞዪው። ፓኬቱ «ብዙ ነው» ተብሎ ለሁለት አይከፈልም፤ ዱቄቱ እኩል ስለማይቀላቀል አንዱ ግማሽ ጨው ይበዛበታል። ውሃው ካነሰ ድብልቁ ወፍራም ሆኖ ከሰውነት ውሃ ወደ አንጀት ይስባል፣ ተቅማጡም ይብሳል። ውሃው ከበዛ ደግሞ የወጣውን ጨው አይተካም። ስኳር አትጨምሪበት፣ ከተበጠበጠ በኋላ አታፍዪው፣ 24 ሰዓት ከሞላው ድፊው።

ለሕጻኗ ባስቀመጣት ቁጥር ከ50 እስከ 100 ሚሊ ሊትር ስጫት፤ በማንኪያ፣ ቀስ እያልሽ፣ በየአንድ ሁለት ደቂቃው አንድ ማንኪያ። ለአራት ዓመቱ ከ100 እስከ 200 ነው፣ እሱ ከኩባያ ፉት ይበል። ካስመለሳቸው አትደንግጪ፤ አሥር ደቂቃ ጠብቀሽ ከበፊቱ ቀስ ብለሽ ቀጥዪ። «አስመለሰው» ተብሎ የሚተወው ልጅ ነው የሚደርቀው። ጡት አይቋረጥም፣ ምግብም አይከለከልም። ለስላሳ መጠጥ በለምለም ፈንታ መስጠት ትልቅ ስሕተት ነው፤ ስኳሩ ብዙ ነው፣ ጨው ደግሞ የለውም ማለት ይቻላል። ለምለም ከሌለ በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ ስድስት ልክ የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ ልክ የሻይ ማንኪያ ጨው ታደርጊያለሽ። ልክ ስልሽ ቁልል እንዳይሆን፤ ጠርዙ ላይ በቢላ ጀርባ ይላጭ። ጨው አብዝቶ ከመስጠት ለጊዜው ጡትና የሩዝ ውሃ ይሻላል።

ከለምለሙ ጋር ዚንክ ይሰጥሻል፤ ከስድስት ወር በላይ ለሆነ ልጅ በቀን አንድ ባለ 20 ሚሊ ግራም ፍሬ፣ ለ10 ቀን። በማንኪያ ውሃ ወይም በታለበ የጡት ወተት ይሟሟል። ተቅማጡ በሦስተኛው ቀን ቢቆምም አሥሩ ቀን ይሙላ፤ የሚቀጥለውን ተቅማጥ የሚያርቀው ያ ነው። ከሱቅ ፍላጅል ወይም ቴትራሳይክሊን ገዝተሽ እንዳትሰጪ። ሰገራው ደም ካለበት፣ ዐይናቸው ጎድጎድ ካለ፣ የሆድ ቆዳቸውን ቆንጠጥ አድርገሽ ስትለቂው ቶሎ ካልተመለሰ፣ የሕጻኗ እርግብግቢት ከሰረጎደ ወይም መጥባት አቅቷት ከፈዘዘች፣ በመንገድ ላይ ለምለሙን እየሰጠሽ ወደ ጤና ጣቢያ ሂጂ።

እግረ መንገዴን፣ ውሃ ስታፈዪ እላዩ ላይ አረፋ ሲያሳይ አታውርጂው። በደንብ ከተንፈቀፈቀ በኋላ ሐርቡ ላይ አንድ ደቂቃ ይበቃዋል። ደሴ ስትመጡ ግን ሦስት ደቂቃ ይቆይ፤ ደሴ ወደ 2500 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃው ገና 92 ዲግሪ ግድም ላይ ነው የሚፈላው። ባቄላው እዚህ አልበስል እያለ ስታማርሪ የነበረው በዚሁ ምክንያት ነው።

አሁን ትኩሳቱ። ደሴ ሳለሽ ልጅ ሲያተኩሰው ጉንፋን ነው ብለሽ አንድ ሁለት ቀን ታይው ነበር። ሐርቡ ላይ ይህ አይሠራም። ከቦርከና ወንዝ ዳር ክረምቱ ወጥቶ ውሃው ሲያቁር፣ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ የወባው ዋና ጊዜ ነው፤ ከበልግ ዝናብ በኋላም ትንሽ ይመለሳል። ስለዚህ ያተኮሰው ልጅ በዚያው ቀን ይመርመር፣ ከ24 ሰዓት አይለፍ። ጣቱን ወጋ አድርገው በፈጣን መመርመሪያው ሩብ ሰዓት ግድም ውስጥ ይነግሩሻል። ፓራሲታሞል ትኩሳቱን ያበርደዋል እንጂ ወባውን አይነካውም፤ «በረደው እኮ» ተብሎ ስንቱ ቤት ይዘናጋል። አንደኛው ዓይነት ወባ ትንሽ ልጅን በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ጭንቅላቱ ላይ ሊወጣ ይችላል። ሌላኛው ጉበት ውስጥ ተደብቆ ከሳምንታት ወይም ከወራት በኋላ ይነሳል፤ ስለዚህ «ድኖ ነበር፣ እንደገና ያዘው» ማለት ሁልጊዜ አዲስ ትንኝ ነክሶታል ማለት አይደለም። ኮአርተም የሚባለው የወባ መድኃኒት ከታዘዘ በቀን ሁለቴ ለሦስት ቀን፣ ስድስቱም ጊዜ ይወሰዳል፤ ከወተት ወይም ቅባት ካለው ምግብ ጋር ሲሆን ሰውነት በደንብ ይቀበለዋል። በዋጠ በአንድ ሰዓት ውስጥ ካስመለሰው ያው መጠን ይደገማል። በሁለተኛው ቀን ሲሻለው የተረፈውን ለወንድሙ ማስቀመጥ ሁለቱንም መጉዳት ነው።

አጎበሩን በሚመለከት፣ አዲስ ሲሆን ከመሰቀሉ በፊት አንድ ቀን ጥላ ላይ ይናፈስ፣ ፊት እንዳያቃጥል። ማታ ዳሩ ፍራሹ ሥር ይገባል። ሲቆሽሽ በለስላሳ ሳሙና እጠቢው፣ በረኪና እንዳይነካው፣ ስታሰጪውም ጥላ ላይ ይሁን፤ ፀሐይ መድኃኒቱን ያበላሸዋል። አጎበሩ ካነሰ ቅድሚያው የሕጻኗና የአራት ዓመቱ ነው። እማማ እንደማይቀየሙ አውቃለሁ።

የፓራሲታሞል ሽሮፕ በሲሪንጅ እንጂ በወጥ ቤት ማንኪያ አይለካም። መጠኑ በክብደት ነው፤ በኪሎ ከ10 እስከ 15 ሚሊ ግራም። ሕጻኗ 8 ኪሎ ከሆነችና ጠርሙሱ ላይ በ5 ሚሊ ሊትር 120 ወይም 125 ሚሊ ግራም ከተጻፈ 4 ሚሊ ሊትር ይበቃታል፤ በየስድስት ሰዓቱ፣ በቀን ከአራት ጊዜ አይበልጥም። ያተኮሰውን ልጅ በጋቢ አትጠቅልዪው።

ትኩሳቱ አንቀጥቅጦ ከጣለው ክብሪት ለኩሶ ማሽተት፣ ጥርሱ መሃል ማንኪያ ማስገባት፣ አፉ ውስጥ ውሃ ማፍሰስ የለም። በጎኑ አስተኚው፣ ዙሪያውን አጽጂለት፣ ሰዓትሽን ተመልከቺ። ቢያቆምም ባያቆምም ቆላ ላይ ትኩሳት ያለው ልጅ ከተንቀጠቀጠ ወዲያው ወደ ጤና ጣቢያ ነው። አምስት ደቂቃ ካለፈው ደግሞ በተገኘው መኪና።

ሳል ሲሆን ትንፋሽ ቁጠሪ። ልጁ ሳያለቅስ፣ ልብሱን ገልጠሽ፣ በስልክሽ ሰዓት አንድ ሙሉ ደቂቃ። ለሕጻኗ 50 እና ከዚያ በላይ፣ ለአራት ዓመቱ 40 እና ከዚያ በላይ ከሆነ የሳንባ ምች ሊሆን ይችላል፣ ይታይ። አየር ሲያስገባ የታችኛው ደረቱ ወደ ውስጥ ከሰረጎደ ቁጥሩንም አትጠብቂ። እዚህ ላይ አንድ ነገር ደፍሬ ልበልሽ፤ ሳሉን «እንጥሉ ወርዶ ነው» ብሎ የሚያስቆርጥ፣ ተቅማጡን «ግግ ነው» ብሎ ድዱን የሚያስፍቅ ጎረቤት አይጠፋም። እንጥል ሲቆረጥ የሚደማው ደም ልጅን ይጨርሳል፣ ምላጩ መንጋጋ ቆልፍ ያመጣል። ድድ ውስጥ ነጭ ሆኖ የሚታየው ደግሞ ያልወጣ ጥርስ እንጂ ትል አይደለም። እማማ ካነሱብሽ በእኔ አሳብቢ፤ «ደሴ ያለችው ከልክላናለች» በያቸው፣ እኔን እሺ ይላሉ።

ቃጠሎ ላይ ደግሞ ትልቁ አደጋ ቡናው ጋ ነው። ምድጃው መሬት ላይ፣ ጀበናው አናቱ ላይ፣ የአራት ዓመቱ ልጅ ዙሪያውን ይሮጣል። አቦልና ቶና አልፎ በረካው እስኪወርድ ድረስ የሚፈላ ነገር በልጅ ጉልበት ልክ ተቀምጧል ማለት ነው። ምድጃውን ጥግ አስይዢውና አንቺ በልጆቹና በጀበናው መሃል ተቀመጪ። ከተቃጠለ 20 ደቂቃ ሙሉ ቀዝቃዛ ውሃ ይፍሰስበት። ቧንቧው ከሌለ ባለ 20 ሊትሩ ጄሪካን በደቂቃ አንድ ሊትር እያልሽ በጆግ ስታፈሺ ልክ ይበቃል። እጅ ወይም እግር ከሆነ ሳፋ ውስጥ ይነከር፣ ውሃው ሞቅ ሲል ይቀየር። እርጥብ ልብሱን አውልቂለት፣ ከቆዳው ከተጣበቀ ግን ዙሪያውን ቆርጠሽ ተዪው። አምባሩንና ማተቡን ሳያብጥ አውጪ። ቅቤ፣ የጥርስ ሳሙና፣ ሊጥ፣ እንቁላል አይቀባም፤ ሙቀቱን ቆዳው ውስጥ ያፍነዋል፣ ጀርም ያስገባል፣ ሐኪሙም ቁስሉን ለማየት መፋቅ ይኖርበታል። ቅቤው ለጠጉርሽ ይሁን። ውኃ የቋጠረውን አታፍርጪው፣ በንጹሕ ነጠላ ላላ አድርገሽ ሸፍኚው። ከልጁ የራሱ መዳፍ የሚሰፋ፣ ፊት፣ እጅ፣ መገጣጠሚያ ወይም ብልት ላይ የሆነ ቃጠሎ ሐኪም ይየው።

ነጭ ጋዝ፣ በረኪና ወይም ማላታይን በሃይላንድ ጠርሙስ አይቀመጥ። ልጅ ሃይላንድን የሚያውቀው በውሃነቱ ነው። ከጠጣ እንዲያስመልስ አታድርጊ፣ ወተትም አታጠጪው፤ ጋዙ ሲመለስ ሳንባ ውስጥ ይገባል፣ ከሆድ ይልቅ እዚያ ነው የሚጎዳው። ጠርሙሱን ይዘሽ ወደ ሐኪም ቤት።

ውሻ ከነከሰው ትንሽ ጭረትም ብትሆን በሳሙናና በሚፈስ ውሃ 15 ደቂቃ ታጠቢለት፣ ከዚያ በዚያው ቀን ለክትባት ይሂድ። እብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ መዳኛ የለውም። ለእባብም አይታሰር፣ አይበጣ፣ አይመጠጥ፤ እግሩ እንዳይንቀሳቀስ በእንጨት ደግፈሽ ተሸክመሽ ውሰጂው። ቆሎና ኦቾሎኒ የአራት ዓመቱ እየሮጠ አይብላ፣ ለሕጻኗማ ጭራሽ። ቢያንቀው ወደፊት አጎንብሰሽ በትከሻዎቹ መሃል አምስቴ በመዳፍሽ ምቺው፤ አልወጣ ካለ ከኋላው አቅፈሽ ከእምብርቱ በላይ ወደ ውስጥና ወደ ላይ አምስቴ ሳቢ። ለሕጻኗ ሆድ አይጫንም፤ ጭንቅላቷ ዝቅ ብሎ ክንድሽ ላይ በደረቷ አስተኝተሽ አምስቴ ጀርባዋን፣ ከዚያ ገልብጠሽ በሁለት ጣት ደረቷን አምስቴ። የማይታይሽን ነገር በጣት አትፈልጊ፣ ወደ ውስጥ ትገፊዋለሽ።

ጥቅምት ላይ ብርዱ ሲበረታ ወደ ደሴ ብቅ ማለታችሁ አይቀርም። ክፍሉ ቢቀዘቅዝም የከሰል ምድጃ አስገብታችሁ በር ዘግታችሁ እንዳትተኙ። ፍም ሆኖ ጢሱ ሲጠፋ ነው ሰው የሚዘናጋው፤ የሚገድለው ጋዝ ግን ሽታም መልክም የለውም፣ ጨው ቢበተንበት ሎሚ ቢቆረጥበት አይለወጥም። ብዙ ሰው ባንዴ ራሱን ካመመውና ካቅለሸለሸው በሩን ከፍታችሁ ውጡ። የሕጻኗን የክትባት ካርድም አትርሺ፤ ዘጠነኛ ወሯ ላይ የኩፍኝ ክትባት አለባት፣ 15ኛው ወር ላይ ይደገማል፣ የጤና ጣቢያ ለውጥ ላይ እንዳይዘለል።

ስትመልሺልኝ ሁለት ነገር ጻፊልኝ፤ ሕጻኗ አሁን ስንት ኪሎ እንደሆነችና አጎበራችሁ ስንት እንደሆነ። ኪሎዋን ካወቅሁ የሽሮፑን መጠን በወረቀት ጽፌልሽ ጠርሙሱ ላይ ትለጥፊዋለሽ። ዱዓሽ አይለየኝ፣ እማማን ሳሚልኝ።

የአንቺው፣ የደሴዋ