የሄፓታይተስ ሲ መድኃኒት ከተገኘ ቆይቷል፤ የጎደለው ምርመራው ነው

ለተከበራችሁ የዝግጅት ክፍል፣

በጤና ዓምዳችሁ ላይ ሄፓታይተስ ሲ ለተባለው፣ ቫይረስ ለሚያመጣው ሥር የሰደደ የጉበት ሕመም አዳዲስ መድኃኒቶች ተስፋ እየሰጡ መሆናቸውን የሚገልጽ ጽሑፍ አንብቤ ደስ ብሎኛል። ጽሑፉ ግን ተስፋውን ገና ወደፊት እንደሚመጣ አድርጎ ስላቀረበው፣ በደሴ ለረጅም ዓመታት በላቦራቶሪ ሙያ ያገለገልሁ ሰው እንደመሆኔ ጥቂት ሐሳብ ልጨምርበት ወደድሁ። ይህን ቫይረስ ከደም የሚያጠፋ መድኃኒት ከተፈቀደ ከአሥር ዓመት በላይ ሆኖታል። የወሎን ሕመምተኛ ከመድኃኒቱ ያራቀው በአመዛኙ ሕመሙን በትክክል የሚያረጋግጥለት ምርመራ በአቅራቢያው አለማግኘቱ ነው።

ቫይረሱ ተለይቶ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1989 ሲሆን፣ ለግኝቱ መሠረት የጣሉት ሃርቪ አልተር፣ ማይክል ሃውተንና ቻርልስ ራይስ እ.ኤ.አ. በ2020 የኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል። ቀደም ሲል የነበረው ሕክምና በየሳምንቱ የሚወጋ ኢንተርፌሮን የተባለ መርፌና ሪባቫይሪን የተባለ መድኃኒት ነበር። ሕክምናው ስድስት ወር፣ ለብዙዎችም አንድ ዓመት ሊሞላ ጥቂት እስኪቀረው ድረስ ይቆያል፤ ትኩሳቱ፣ የደም ማነሱና የመንፈስ ጭንቀቱ አንዳንዱን ሕመምተኛ ከበሽታው በላይ ያሠቃየው ነበር። ይህን ሁሉ ችሎ ከጨረሰውም መካከል ግማሽ ያህሉ ሳይድን ይቀር ነበር። እ.ኤ.አ. በ2013 መጨረሻ ሶፎስቡቪር የተባለ ክኒን በአሜሪካ ሲፈቀድ ሁኔታው ተለወጠ። ይህ ክኒን ቫይረሱ የሚራባበትን ሂደት በቀጥታ ያቋርጣል፤ ዳክላታስቪር ወይም ቬልፓታስቪር ከተባለ ሌላ መድኃኒት ጋር ተጣምሮ በቀን አንድ ጊዜ፣ በአብዛኛው ለ12 ሳምንት ሲወሰድ ከመቶ ሕመምተኞች 95 ያህሉን ያድናል። ማዳን ስል ማስታገስ ማለቴ አይደለም፤ ሕክምናው ካበቃ ከ12 ሳምንት በኋላ ቫይረሱ በደም ውስጥ ካልታየ ሰውዬው ድኗል ይባላል፣ ክኒኑንም ዕድሜ ልኩን አይውጥም። በአገራችን በብዛት የሚታየው አራተኛው የቫይረሱ ዝርያም በዚሁ ሕክምና ይጠፋል።

ዋጋውን በተመለከተ፣ መጀመሪያ ላይ የአንድ ሰው ሙሉ ሕክምና በአሜሪካ 84,000 ዶላር ይጠየቅበት ስለነበር ለእኛ ቢነገረንም ባይነገረንም ለውጥ አልነበረውም። እ.ኤ.አ. በ2014 ግን አምራቹ ጊልያድ የህንድ ፋብሪካዎች መድኃኒቱን እየሠሩ፣ ኢትዮጵያን ጨምሮ፣ አነስተኛ ገቢ ላላቸው በርካታ አገሮች እንዲሸጡ ፈቀደ፤ ዛሬ በዓለም ገበያ የ12 ሳምንቱ ሕክምና እስከ 60 ዶላር ድረስ ወርዶ ይገኛል። በብር ሲመነዘር ለአንድ ገበሬ ቀላል ገንዘብ ነው አልልም፤ መንግሥትና የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ቢጋሩት ግን የሚከብድ አይደለም።

ወደ ራሴ ሙያ ልመለስ። በጤና ተቋሞቻችን ብዙ ጊዜ የሚሠራው ፈጣን ምርመራ የሚያሳየው ሰውነት ቫይረሱን ለመከላከል የሚያመርተውን ፀረ እንግዳ አካል ነው፤ ይህም ሰውዬው በሕይወቱ አንድ ቀን ከቫይረሱ ጋር መገናኘቱን እንጂ ዛሬ በሽታው በደሙ ውስጥ መኖሩን አይናገርም። ቫይረሱ ከሚይዛቸው ሰዎች ከ15 እስከ 45 በመቶ የሚሆኑት ያለ ምንም መድኃኒት በስድስት ወር ውስጥ ራሳቸው ያስወግዱታል፤ ፈጣኑ ምርመራ ግን ከዚያም በኋላ ፖዘቲቭ ማለቱን አይተውም። ሕክምና ሊታዘዝ የሚችለው ቫይረሱ ራሱ በደም ውስጥ መኖሩ ሲረጋገጥ ነው።

ከሐይቅ አካባቢ የመጣ አንድ ገበሬ አውቃለሁ። ለታመመ ዘመዱ ደም ሊለግስ ሄዶ «ደምህ አይሆንም፣ ጉበት አለብህ» ተብሎ ተመለሰ። የቫይረሱን መጠን ለማስለካት አዲስ አበባ ድረስ መሄድ እንዳለበት የሚገልጽ የሪፈር ወረቀት ቢሰጠውም፣ ለትራንስፖርቱ፣ ለማደሪያውና ለምርመራው ጥማድ በሬውን ማፍረስ ስለነበረበት ወረቀቱን አጣጥፎ አስቀመጠው። ለወፍ በሽታ ነው ያሉትን ቅጠል ጠጣ። ጎረቤቶቹ አብሽር ቢሉትም በቤቱ የቡና ሲኒው ከሌላው እንዳይቀላቀል በጥፍር ቀለም ምልክት ተደረገበት፤ ሄፓታይተስ ሲ አብሮ በመብላትና በመጠጣት እንደማይተላለፍ የነገረው አልነበረም። ከዓመታት በኋላ ልጁ ወስዶት ሲመረመር በደሙ ውስጥ ቫይረስ አልተገኘም። «ጋሼ፣ ያን ሁሉ ዘመን የፈራሁት ምኑን ነው?» ሲል ጠየቀኝ። በተቃራኒው ደግሞ ቫይረሱ በእርግጥ ያለባቸው፣ ዓይናቸው ቢጫ ሆኖ ሆዳቸው ውኃ እስኪቋጥር ድረስ ምንም ሳይሰማቸው የሚኖሩ አሉ። ሕመሙ ጉበትን ቀስ በቀስ ጎድቶ እዚህ ለመድረስ 20 እና 30 ዓመት ሊወስድበት ስለሚችል፣ ሰው እስኪታመም መጠበቅ እጅግ መዘግየት ነው።

የሚያስቆጨው መሣሪያው እሩቅ አለመሆኑ ነው። ለሳንባ ነቀርሳ ምርመራ በየሆስፒታሉ የተተከለው ጂን ኤክስፐርት፣ ለዚህ የሚሆነው ካርትሪጅ (ናሙናው የሚጨመርበት ዕቃ) ከቀረበለት የሄፓታይተስ ሲ ቫይረስን በሁለት ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ይለካል። ደሴ፣ ወልድያ፣ ከሚሴና ሰቆጣ ላይ በሳምንት አንድ ቀን እንኳ ለዚህ ቢመደብ ከዋግም ሆነ ከባቲ የሚነሳ ሰው አዲስ አበባ መሄድ አያስፈልገውም። ግብፅ ካልጸዳ የቢልሃርዚያ መርፌ የተነሳ በዓለም ላይ በዚህ በሽታ እጅግ ከተጎዱት አገሮች አንዷ ነበረች፤ እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ ወደ 50 ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ መርምራ፣ የተገኘባቸውን በነፃ በማከሟ እ.ኤ.አ. በ2023 የዓለም ጤና ድርጅት ዕውቅና ሰጥቷታል። የእኛ አቅም የግብፅን ያህል አይደለም የሚል እንደማይጠፋ አውቃለሁ፤ እኔም የምጠይቀው የቤት ለቤት ዘመቻ ሳይሆን፣ ደም ሲለግስ ወይም ለሌላ ጉዳይ ሲመረመር የተገኘበት ሰው ወረቀት ብቻ ይዞ ወደ ቤቱ እንዳይመለስ ነው።

ተስፋውን ስናበስር ማሳሰቢያውም አብሮ ቢነገር መልካም ነው። ክኒኑን ከመጀመሩ በፊት ሕመምተኛው ሄፓታይተስ ቢ ይኖርበት እንደሆነ መመርመር አለበት፤ ካለበት በሕክምናው ወቅት ያ የተኛው ቫይረስ ሊነሳ ይችላል። ሪፋምፒሲን ያለበትን የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ለሐኪሙ ሳይደብቅ መናገር ይኖርበታል፤ ሪፋምፒሲን የእነዚህን ክኒኖች ኃይል ያዳክማልና። ጉበቱ አስቀድሞ ተጎድቶ የነበረም ከዳነ በኋላ ለካንሰር ክትትሉን ማቋረጥ አይገባውም። የዳነ ሰው ዳግመኛ ሊያዝ ስለሚችልና ለሄፓታይተስ ሲ ክትባት ስላልተገኘ፣ በአንድ ምላጭ እንጥል ማስቆረጥ፣ በአንድ መርፌ ድድ መነቀስና በየመንደሩ ያለ ፈቃድ መርፌ ማስወጋት አሁንም አደገኛ ናቸው።

ዝግጅት ክፍሉ ለሚመለከተው የክልሉ ጤና ቢሮ ሁለት ጥያቄ ቢያቀርብልን ለአንባቢ ትልቅ አገልግሎት ይሆናል፤ በወሎ ካሉት ሆስፒታሎች የሄፓታይተስ ሲ ቫይረስን መጠን የሚለኩትና መድኃኒቱን የሚሰጡት የትኞቹ ናቸው፣ ክፍያውስ ስንት ሆኖ ከዚያ ውስጥ ጤና መድኑ የሚሸፍነው ምን ያህሉን ነው? መልሱን ከነሆስፒታሎቹ ስም በዚሁ ዓምድ ብታትሙልን፣ ወረቀታቸውን አጣጥፈው ያስቀመጡ ሰዎች ወዴት መሄድ እንዳለባቸው ያውቃሉ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣
በጡረታ ላይ የሚገኝ የላቦራቶሪ ባለሙያ
ከደሴ