በዘይት የተገዛችው አክስቴ

ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

ሰላም ለእናንተ ይሁን። ስለ ሕንድ ያወጣችሁትን ጽሑፍ ደሴ ፒያሳ አንድ ሻይ ቤት ቁጭ ብዬ አነበብኩት። በጫካና በተራራ የሚኖሩ ድሃ የሂንዱ ጎሳዎች በእህል፣ በመድኃኒትና በትምህርት ቤት እየተደለሉ ሃይማኖታቸውን ይቀይራሉ የሚለውን ክስ ማለቴ ነው። አጠገቤ የተቀመጠ ሰውዬ ርዕሱን አየት አደረገና «ድሃ ምን ሃይማኖት አለው፣ ለሆዱ እኮ ነው» አለኝ። ምንም ሳልመልስለት ሻዬን ጨርሼ ወጣሁ። እስካሁን ይቆጨኛል። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው በዚያ ንዴት ነው።

አክስቴ የወረባቦ ሰው ነበረች፣ አላህ ይርሐማት። የእናቴ ወገን እስላም ነው፣ የአባቴ ክርስቲያን። ወሎ ውስጥ ይሄ ማብራሪያ አይፈልግም፣ ከሌላ አገር ለሚያነቡት ነው። በ77ቱ ድርቅ ሁለት ልጆቿን ቀበረች። ድርቁ ካለፈ በኋላም ችግሩ አላለፈም። በሬ የለ፣ ዘር የለ፣ ባሏ ሰፈራ ተብሎ ተወስዶ የገባበት አይታወቅ። በዚያን ጊዜ ስሙን የማልጠራው አንድ ድርጅት ፋፋ፣ ዘይትና ዱቄት ያድል ነበር። መጀመሪያ ለሁሉም ነበር። በኋላ ግን አዳዩ ልጅ ወሬ ጣል ማድረግ ጀመረ፤ በሳምንት አንድ ቀን ጸሎት አለ፣ ብትመጪ ጥሩ ነው፣ የሚመጡት ስማቸው ቀድሞ ይጠራል። ሃይማኖትሽን ቀይሪ ያላት ማንም የለም። ስም ቀድሞ ይጠራል፣ በቃ። ራሽን ተሰልፎ የሚያውቅ ሰው ግን ይሄ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል፤ ኋላ የተጠራ ባዶ ጆንያ ታቅፎ ሊመለስ ይችላል።

ሄደች። ሰባት ወይ ስምንት ጊዜ ሄደች። ሰፈሩ ሰማ። «በዘይት ተገዛች» ተባለ። የቀራትን አንድ ልጅ ውሃ ሲቀዳ «የዘይት ልጅ» እያሉ ያበሽቁት ነበር። ከዚያ ቅሬው፣ የሰፈሩ እድር ማለት ነው፣ ተሰበሰበ፤ ካልተመለሰች ትወጣለች ብሎ ወሰነ። ከቅሬ መውጣት ማለት ስትሞት ቀባሪ የለሽም ማለት ነው። ተወችው፣ ምን ታድርግ።

ከዓመታት በኋላ ጎረምሳ ሆኜ ጠየቅኳት። እውነት ለዘይት ብለሽ ነው የሄድሽው አልኳት። ሳቀች። «ለዘይቱ ነዋ! ለምን ይሆናል ታዲያ?» ቡናዋን እየቀዳች ትንሽ ዝም አለችና፣ «እዚያ ስገባ ግን ወንበር ይሰጡኝ ነበር። ቅሬው ልጆቼ ሲሞቱ መጣ፣ ሲርባቸው አልመጣም» አለችኝ። ከዚያ ወሬ ቀየረች። ልቧ ውስጥ ምን እንደነበረ እስከ ዛሬ አላውቅም።

እና የሕንዱን ነገር ሳነብ ከአክስቴ ቤት ሆኜ ነው ያነበብኩት።

እዚያ አገር እነዚያን ጎሳዎች አዲቫሲ ይሏቸዋል፣ ቀደምት ነዋሪዎች እንደማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 (የሕንዱን ዓመታት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) በተደረገው ቆጠራ ከሕዝቡ 8.6 በመቶ ናቸው፣ ከመቶ ሚሊዮን በላይ ሰው ማለት ነው። በቁጥር የኛን አገር የሚያህል ሕዝብ። እንግዲህ «ተደለሉ» የሚለው ክስ አዲስ አይደለም። ኦዲሻ፣ ያኔ ኦሪሳ የምትባለው ግዛት፣ በ1967 በኃይል፣ በመደለያና በማታለል ሃይማኖት ማስቀየርን የሚከለክል ሕግ አወጣች። በዓመቱ ማድያ ፕራዴሽ ተከተለች። ከዚያ ወዲህ ሌሎች ግዛቶችም በየተራ አውጥተዋል።

የኦዲሻው ሕግ መደለያ የሚለው ስጦታን፣ ገንዘብን ወይም ማናቸውንም ጥቅም ነው። ማናቸውንም! እንግዲህ ክሊኒክም ጥቅም ነው። ፊደል ማስቆጠርም ጥቅም ነው። አንድ ኩባያ ሻይስ? የግዛቲቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ይሄ ትርጉም ከልክ በላይ ሰፊ ነው ብሎ ሕጉን ሽሮት ነበር። በ1977 ግን የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት መለሰው፤ ሃይማኖትን መስበክ መብት ነው፣ ሌላውን ሰው መለወጥ ግን መብት አይደለም አለ። የሁለቱ ድንበር የት ጋ እንደሆነ ለእኔ አይታየኝም። ሰባኪ ሁሉ የሰሚውን ልብ ሊለውጥ አይደል እንዴ የሚሰብከው?

ሌላም አለ። ቅጣቱ እስከ አንድ ዓመት እስራት ወይም እስከ 5 ሺህ ሩፒ፣ ወይም ሁለቱም ነው። የተለወጠችው ሴት ከሆነች፣ ወይም ልጅ፣ ወይም የዝቅተኛ መደብና የጎሳ ሰው ከሆነ ግን እስከ ሁለት ዓመትና እስከ 10 ሺህ ይሆናል። ለደካማው ማሰብ ነው ይባላል፣ ይሁን። እኔ ግን ሳየው የሻይ ቤቱ ሰውዬ አንቀጽ ጽፎ የገባ ነው የመሰለኝ። ሴትና ድሃ የራሳቸው ልብ የላቸውም፣ የመጣው ሁሉ ይነዳቸዋል ማለት አይደለም ወይ?

እንዲያም ሆኖ በዚሁ ሕግ ውስጥ አንድ የወደድኩት ነገር አለ። «ኃይል» የሚለውን ሲተረጉም የፈጣሪ ቁጣ ይመጣብሃል ብሎ ማስፈራራትንና ከማኅበር እናስወጣሃለን ማለትንም ይጨምራል። እንግዲህ የኛን ቅሬ በዚያ ሚዛን አስቡት። አክስቴን ከሃይማኖቷ ለማውጣት ድርጅቱ ዘይት ከተጠቀመ፣ ለመመለስ ደግሞ ቅሬው መቃብር ተጠቅሟል። የትኛው ይከብዳል? ስለ ሁለተኛው ግን ማንም ሲያወራ ሰምቼ አላውቅም።

እዚያም እንደዚያው ነው። በ1950 በወጣ የፕሬዚዳንት ትእዛዝ መሠረት ዳሊት የሚባሉት፣ ድሮ የማይነኩ ይባሉ የነበሩት፣ ክርስቲያን ወይም ሙስሊም ከሆኑ ለመደቡ የተያዘላቸውን የሥራና የትምህርት ኮታ ያጣሉ። ሲክና ቡድሂስት ለሆኑት በኋላ ተፈቅዷል። የጎሳ ሰዎቹን ይሄ አይነካቸውም። ግን እስቲ ንገሩኝ፣ ሃይማኖትህን ከቀየርክ ኮታህ ይቀራል ማለት መደለያ ካልሆነ ምን ይባላል? አንዱ ና ብሎ ይሰጣል፣ ሌላው ሄደህ እንደሆን ብሎ ይቀማል። በኡታር ፕራዴሽ የ2021 ሕግ ደግሞ ወደ ቀድሞ ሃይማኖቱ የሚመለስ ሰው እንደተለወጠ አይቆጠርም። የሂንዱ ድርጅቶች «ወደ ቤት መመለስ» እያሉ ሰው ሲመልሱ በዚያ ሕግ ጠያቂ የላቸውም ማለት ነው። በሩ በአንድ በኩል ብቻ ነው የሚጮኸው።

ክሱ ሁሉ ውሸት ነው እያልኩ አይደለም። አክስቴ ምስክሬ ናት። በረሃብተኛ ፊት ዘይት ይዞ «ጸሎት ትመጫለሽ?» ብሎ መጠየቅ ነውር ነው፣ የትኛውም ሃይማኖት ያድርገው። ቀይ መስቀልና ሌሎች የእርዳታ ድርጅቶች እ.ኤ.አ. በ1994 ባወጡት የሥነ ምግባር ደንብም እርዳታ የሃይማኖት ወይም የፖለቲካ አቋም ማራመጃ አይሆንም ተብሎ ተጽፏል። ደንቡን ሥራ ላይ ማዋል ደግሞ ያን ያህል አይከብድም። መዝገብ ላይ ሃይማኖት አይጠየቅ። ስም በፊደል ተራ ይጠራ። ጸሎቱና እደላው በአንድ ቀን፣ በአንድ ግቢ አይሁን። ዛሬም ሐብሩ ጃራ ብትሄዱ በየድንኳኑ የተፈናቀለ ሰው አለ፣ ይሄ የሕንድ ወሬ ብቻ አይደለም።

የሚያስፈራኝ ግን «ተገዙ» የሚለው ቃል ነው፤ ቃሉ ክስ ሆኖ አይቀርም። በጥር 1999 ኦዲሻ ውስጥ የሥጋ ደዌ ሕሙማንን ይረዳ የነበረ ግርሃም ስቴንስ የሚባል አውስትራሊያዊ ሚስዮናዊ ከሁለት ትንንሽ ልጆቹ ጋር መኪና ውስጥ እንደተኙ ተቃጠሉ። ሰበቡ ጎሳዎቹን ያስለውጣል የሚል ነበር። በዚያው ግዛት ካንድማል በሚባል ወረዳ በነሐሴ 2008 አንድ የታወቁ የሂንዱ መነኩሴ ተገደሉ። ማኦኢስት ሸማቂዎች እኛ ነን አሉ፤ የተቃጠለው ግን የድሃ ክርስቲያኖች ቤት ነው። በአሥር ሺዎች ተፈናቀሉ። ከሥሩ ቢቆፈር በካንዳ ጎሳና ፓና በሚባሉት ዳሊቶች መካከል የኖረ የመሬትና የኮታ ጠብ ነበረበት። የመሬቱን ጠብ ማን ያወራል፣ ሃይማኖት ይቀላል።

ደሴ ተቀምጦ «ለሆዱ ነው» የሚል ሰው ደግሞ ቦሩ ሜዳ ቅርቡ ነው፣ ሄዶ ይይ። በ1870 ዓ.ም. አፄ ዮሐንስ እዚያ ጉባኤ አድርገው የክርስቲያኑን ክርክር ከዘጉ በኋላ የወሎን መኳንንት ወይ ክርስትና ተነሡ ወይ ሹመታችሁን ተዉ አሏቸው። መሐመድ አሊ ራስ ሚካኤል ሆኑ፣ አባ ዋጠው ኃይለ ማርያም ተባሉ። የእስልምና መምህሩ ሸህ ጦልሐ ግን እምቢ ብለው አመፁ። ተራው ሰው ምን አደረገ ብትሉ፣ አያቴ እንደሚለው «ቀን ክርስቲያን፣ ሌሊት እስላም» ሆነ። ራስ ሚካኤል ኋላ አብያተ ክርስቲያናት አሠሩ፣ በ1906 ዓ.ም. ንጉሥ ተባሉ፣ ደሴ ላይ ያሠሩት የግብር አዳራሽም ስሙ አይጠየፍ ነው። ልባቸውን ፈጣሪ ያውቀዋል። ለንጉሡ ክብር ይስጥልን፣ እኔም እኮራባቸዋለሁ። ግን አንድም ሰው «በሹመት ተገዙ» ሲላቸው ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? አገር አስተዋይ፣ አርቆ አሳቢ ነው የሚባለው። አክስቴ ግን ለአንድ ጣሳ ዘይት «የተገዛች» ሆና ሞተች።

የኛ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 27 ማንም ሰው የፈለገውን እምነት የመያዝ ነፃነቱን በኃይል ወይም በሌላ ሁኔታ በማስገደድ መገደብ አይቻልም ይላል። «በሌላ ሁኔታ» የሚለው ውስጥ ዘይቱም ቅሬውም አሉበት፣ እኔ እንደገባኝ።

አሁን ወደ እናንተ ልመለስ። ጽሑፋችሁ ውስጥ ጠበቃ ተናግሯል፣ ፖለቲከኛ ተናግሯል፣ የሃይማኖት አባት ተናግሯል። ተለወጠች የተባለችው ሴትዮስ? አንድ መስመር የላትም። ለምን እንደሄደች፣ እዚያ ምን እንዳገኘች፣ ብትመለስ ምን እንደሚጠብቃት ማንም አልጠየቃትም። በሚቀጥለው ጊዜ ስለዚህ ነገር ስትጽፉ እሷን አስቀድሙልኝ።

ሰውዬው አሁንም እዚያ ሻይ ቤት ይመጣል። ደብዳቤዬን ካወጣችሁት ጋዜጣውን ይዤ ሄጄ አስነብበዋለሁ፣ የሻዩንም ሂሳብ እኔው እከፍላለሁ። መደለያ ነው ካላለኝ።

አንባቢያችሁ፣ ከደሴ