የጥበብ ክፍለ ጊዜውን ለልጆቹ መልሱላቸው

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ጤና ይስጥልኝ። «ክወናና ዕይታ ጥበባት» የሚባል የትምህርት ዓይነት መኖሩን ስንት ወላጅ ያውቃል? ልጃችሁ ደብተር ሸፍኖ ስሙን ጽፎበት ይሆናል። መጽሐፍም አለው። ሙዚቃው፣ ስዕሉ፣ ቴአትሩና ውዝዋዜው አንድ ላይ የተጠቃለሉበት ትምህርት ነው። በ2015 ዓ.ም. ሥራ ላይ መዋል በጀመረው አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ውስጥ ቦታ አለው። ከዚያ በፊትም በታችኛው ክፍል «ሥነ ውበት» እየተባለ ከሰውነት ማጎልመሻ ጋር ተዳብሎ ይሰጥ ነበር። ስለዚህ ወረቀት ላይ ችግር የለብንም። የጠፋው ክፍል ውስጥ ነው።

እኔ አዲስ አበባ ውስጥ የአንደኛ ደረጃ መምህር ነኝ፤ የማስተምረውም ይህንኑ ነው። ክፍለ ጊዜው እንዴት እንደሚጠፋ በቅርብ ስለማየው ልንገራችሁ። ሒሳብ ኋላ ቀርቷል ሲባል ይወሰዳል። እንግሊዝኛ ማካካሻ ሲፈለግ ይወሰዳል። ስብሰባ ከመጣ መጀመሪያ የሚታጠፈው እሱ ነው። ስድስተኛና ስምንተኛ ክፍል ላይማ ከተማ አቀፍ ፈተናው ሲቃረብ ፕሮግራሙ ላይ ስሙ ብቻ ይቀራል። መምህሩንም ተዉት። ብዙ ቦታ ክፍለ ጊዜ ያነሰው የሌላ ትምህርት መምህር «ማሟያ» ተብሎ ይሰጠዋል፤ እሱም ምን ያድርግ፣ መጽሐፉን ያስነብባል።

ዳይሬክተሮቹን ብቻ መውቀስ ግን ልክ አይመስለኝም። የሚያስፈራቸው ነገር አለ። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ውስጥ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በዓመቱ 3.2 በመቶ ሆነ፣ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ 5.4 በመቶ። ይህን የሰማ ወላጅ «ማንበብ ሳይችል ስዕል ምን ያደርግለታል?» ቢል አልፈርድበትም። እኔን ራሴን ብዙ ወላጆች ፊት ለፊት ጠይቀውኛል፤ ጥያቄው ደግሞ የሚናቅ አይደለም። መልሴ ግን ይህ ነው፦ ልጅ አንድን ነገር ረጋ ብሎ የሚያይበት፣ ከሌላው ጋር የሚያወዳድርበት፣ «ይሄኛው ለምን አማረኝ?» ብሎ ራሱን የሚጠይቅበት ሌላ ክፍለ ጊዜ የለውም። ያቺን አርባ ደቂቃ ስንወስድበት የምንወስድበት ማየትን ነው። ማየት ያልለመደ ልጅ ደግሞ ሒሳቡም ላይ ቸኩሎ ነው የሚያልፈው፤ ደብተር ሳርም በየቀኑ አየዋለሁ።

ሲሰጥም እንዴት እንደሚሰጥ ሌላ ጣጣ ነው። መምህሩ ሰሌዳ ላይ ኖት ይጽፋል፦ «መሠረታዊ ቀለማት ሦስት ናቸው፤ እነሱም ቀይ፣ ቢጫና ሰማያዊ ናቸው።» ተማሪው ይገለብጣል። ፈተና ላይ «ከሚከተሉት ውስጥ መሠረታዊ ቀለም ያልሆነው የቱ ነው?» ይመጣል። ልጁ «አረንጓዴ» ላይ ያከብባል፣ ማርኩን ያገኛል፣ አበቃ። ቢጫና ሰማያዊ ተቀላቅለው ዓይኑ እያየ አረንጓዴ ሲሆኑ ግን አንድም ቀን አላየም። ያሳያችሁት ቀን ክፍሉ እንዴት እንደሚጮህ ብትሰሙ! የጎረቤት ክፍል መምህር በር አንኳኩቶ «ምን ሆናችሁ?» ይላል።

ቀለም መግዣ በጀት የለም ይባላል። አውቃለሁ፣ የለም። ከሰል ግን አለ። እርድ አለ። ቀይ ሥር አለ። የጎመን ቅጠል ወረቀት ላይ ሲታሽ አረንጓዴ ይተዋል። ልጆቹ ከቤት ቆንጠር ቆንጠር አድርገው ያመጣሉ፣ በአሮጌ ክዳን ላይ በውሃ ይበጠበጣል፣ በጣትም በጨርቅም ይቀባል። ከሃምሳ በላይ ልጅ ባለበት ክፍል ውስጥ ወለሉ ይበላሻል፣ እጅ ይቆሽሻል፣ ከዚያ ይጸዳል። ከዚህ የበለጠ ችግር አላየሁበትም።

ሌላ የሚያሳዝነኝ ነገር ልንገራችሁ። ለየትኛውም ክፍል «ቤት ሳሉ» ብላችሁ እዘዙ። ሁለት ተራራ ይመጣል፣ በመሃላቸው ፀሐይ ብቅ ትላለች፣ ከሥር ጎጆ፣ ከጎጆዋ አጠገብ ወንዝ። ሁሉም ደብተር ላይ አንድ ዓይነት። ልጁ የሚኖረው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፣ ወንዝ አጠገቡ የለም፣ ጎጆ ገብቶም ላያውቅ ይችላል፤ እሱ ግን «ቆንጆ ስዕል» ማለት ያ ነው ብሎ ወስዷል። አንድ ጊዜ «ዛሬ ጠዋት በመስኮታችሁ ያያችሁትን ብቻ ሳሉ» አልኳቸው። መጀመሪያ ተቸገሩ። «ቲቸር፣ የሚያምር ነገር የለም እኮ!» አሉኝ። ከዚያ አንዱ የጎረቤት በረንዳ ላይ የተሰጣ ልብስ ሳለ፣ ከላዩ ዲሽ፣ ከዲሹ ጎን ጥቁር ሮቶ፣ ገመዱ በልብሱ ክብደት ወደ መሃል ረግቦ። ያንን የገመድ መርገብ ማንም አላስተማረውም፤ አይቶት ነው። ክፍሉ ውስጥ ካሉት ስዕሎች ሁሉ የእሱ ለየት ያለ መሆኑን ልጆቹ ራሳቸው ናቸው የተናገሩት። ለምን ለየት እንዳለ ስንነጋገር ደወሉ ተደወለ፤ ማንም ለመውጣት አልተነሳም።

የእንቁጣጣሽ ስዕልም እንዲሁ እየሆነ ነው። ድሮ ልጆች ጳጉሜን ሙሉ ተቀምጠው አደይ አበባና መልአክ ሲስሉ ይከርሙ ነበር፤ ከዚያ ለዘመድና ለጎረቤት «እንኳን አደረሳችሁ» ብለው ይሰጣሉ፣ ሳንቲም ይቀበላሉ። አሁን ታትሞ የሚሸጠውን ገዝቶ ማደል በዝቷል። በሚያድሉት ልጆች አልናደድም። ግን ትምህርት ቤት ገና በመስከረም ሲከፈት አንድ አደይ አበባ ቆርጦ ክፍል ይዞ መግባት ምን ያስቸግራል? ቢጫ ብቻ መሰላቸው እንጂ መሃሏ ከቅጠሎቿ ጠቆር ያለ መሆኑን ቀርበው ሲያዩ ነው የሚያውቁት።

አሁን ወደ ዋናው ነገሬ ልግባ። ውበት የሚባለውን ነገር ለልጅ ለማስተማር ከሩቅ አገር የመጣ ዕቃ አያስፈልግም። አንዷ ተማሪዬን ከቤት ሰፌድ እንድታመጣ ነገርኳት። አያቷ የሰፉት ነው። ክፍሉን በቡድን በቡድን አድርጌ ሰፌዱን አዞርኩላቸው፤ ምንም ሳትናገሩ እዩት አልኳቸው። መጀመሪያ ሳቁ። «ሰፌድ ነው እኮ!» ከዚያ ዝም አሉ። ከዚያ ጥያቄ መጣ። ስፌቱ ከየት ነው የጀመረው? ከመሃል ነው፤ ከዚያች ነጥብ እየዞረ እየዞረ ይሰፋል። እሺ፣ ከመሃል ጀምሮ ክቡ እየሰፋ ሲሄድ ቀዩ አለላ ጫፍ ላይ ሲደርስ እንዴት እኩል እኩል ሆኖ ተከፋፈለ? እዚህ ላይ ሁሉም ቆመ። አንዱ በጣቱ መቁጠር ጀመረ። ሌላዋ ወደ ውጭ በሄደ ቁጥር ቀዩም ነጩም በየዙሩ እንደሚጨምር አወቀች። በሚቀጥለው ሳምንት አያቷ ወስፌና ስንደዷቸውን ይዘው መጡልን። እማማ ፊደል አልቆጠሩም። ስፌቱን ግን እያንዳንዱን ዙር ቆጥረው ነው የሚሰፉት፤ አንድ ከተሳሳቱ ስህተቱ ወዲያው አይታይም፣ ዙሩ ሲያልቅ ነው ሐረጉ አልገጥም የሚለው፣ ያኔ መተርተር ነው። ይህን ሲያስረዱ የሒሳብ መምህራችን በር ላይ ቆመው ይሰሙ ነበር። እኔ ለእሳቸው ክፍለ ጊዜ የምሰጠው ከዚህ የተሻለ ነገር የለም።

ስለ ንባብም ተነስቶ የለ? ፊደላችንን እንደ ቅርጽ አሳይተናቸው እናውቃለን? ልጁ «ለ ሉ ሊ ላ» እያለ በቃሉ ይወርደዋል። ሰሌዳው ላይ ግን ለን፣ በን፣ ሰን በትልቁ ጽፋችሁ ካዕባቸውን ከጎናቸው ብታደርጉ፣ ሉ፣ ቡ፣ ሱ ላይ ቀኝ ጎን መሃል ላይ አንድ ዓይነት ምልክት ትወጣለች። ሊ፣ ቢ፣ ሲ ላይ ያቺው ምልክት ወደ እግር ትወርዳለች። ላ፣ ባ፣ ሳ ላይ ቀኝ እግሩ ይረዝማል። ልጁ ይህን ራሱ ሲያገኘው ፊቱ ይበራል። ከዚያ ደግሞ ሕጉን የማይከተሉትን እንዲፈልግ ተዉት፤ ሩን ያመጣል፣ ፉን ያመጣል፣ ይከራከራችኋል። የቁም ጽሕፈት ባለሙያዎች ብራናው ላይ ከመጻፋቸው በፊት መስመር ያሰምራሉ፣ የቅዱሳንን ስም በቀይ ቀለም ይለያሉ፣ ፊደሉ ከፊደሉ የሚርቅበትን ክፍተት ይጠብቃሉ። በዚህ ሁሉ ሙያ መካከል አድገን የልጆቻችን የእጅ ጽሑፍ ለመነበብ የሚያስቸግረው ማንም ቁጭ ብሎ «ይህቺ ሐ ቆማለች ወይስ ዘማለች?» ብሎ ስላላሳያቸው ነው ብዬ አምናለሁ።

ዜማውም እንደዚያው ነው። «ቅዱስ ያሬድ ሦስት የዜማ ስልቶችን ደረሰ፤ እነሱም ግዕዝ፣ ዕዝልና አራራይ ናቸው» ብሎ ያልጻፈ ተማሪ የለም። ሦስቱን አንድ በአንድ ሰምቶ የለየ ግን ስንት ነው? ስልክ የሌለው መምህር የለም። አምስት ደቂቃ ማሰማት ይቻላል።

ከተማው ውስጥ ያለውን ደግሞ እዩት። አፍሪካ አዳራሽ ውስጥ ያለው የአፈወርቅ ተክሌ የመስታወት ሥራ 150 ካሬ ሜትር ያህል ነው። የአፍሪካን ያለፈ፣ የአሁንና የወደፊት ዘመን በሦስት ክፍል ያሳያል። የአፍሪካ አንድነት ድርጅት በ1955 ዓ.ም. የተመሠረተው እዚያው አዳራሽ ውስጥ ነው፤ አዳራሹም በ2017 ዓ.ም. ታድሶ ተከፍቷል። በዚያ በኩል በታክሲ እየተመላለሱ ትምህርት የሚጨርሱ ልጆች አሉን፣ ውስጥ ምን እንዳለ ሳያውቁ። አምስት ኪሎ ብሔራዊ ሙዚየም አለ፤ ልጆቹ ሉሲን አይተው ይመለሳሉ፣ ስዕሎቹ ጋ ሳይደርሱ መኪናው ይጠራቸዋል። ስድስት ኪሎ የኢትኖሎጂ ሙዚየም ውስጥ የድሮ የቤተ ክርስቲያን ስዕሎችና የሙዚቃ መሣሪያዎች አሉ፤ እዚያው አካባቢ በገብረ ክርስቶስ ደስታ ስም የተሰየመ የዘመናዊ ስዕል ማዕከል አለ። በ1950 ዓ.ም. የተከፈተው የአለ ፈለገ ሰላም የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤትም በከተማችን ነው። አንድ ቀን ሙሉ ሁሉንም ለማዳረስ መሯሯጥ አያስፈልግም። አንድ ስዕል ፊት ግማሽ ሰዓት መቀመጥ ይበቃል።

አፈወርቅን ካነሳሁ አይቀር፣ ወደ እንግሊዝ የተላኩት የማዕድን ምህንድስና ሊማሩ ነበር። ተሰጥኦአቸውን ያዩት መምህራኖቻቸው ናቸው ወደ ስዕሉ ያበረታቷቸው። ይህን የምለው ሁሉም ልጅ ሰዓሊ ይሆናል ለማለት አይደለም። አብዛኞቹ ነርስ፣ ሾፌር፣ ነጋዴ፣ ግንበኛ ይሆናሉ። ግንበኛውም ግድግዳ ሲያነሳ፣ ነጋዴዋም ሱቋን ስትደረድር፣ ሹሙም የመንገዱን ዛፍ ይቆረጥ ወይስ ይቆይ ብሎ ሲወስን ዓይን ያስፈልጋቸዋል። እኔ ስለዚያ ዓይን ነው የምናገረው።

ስለዚህ የምጠይቀው ብዙ አይደለም። ክፍለ ጊዜው ለሌላ ትምህርት ማካካሻ አይሁን። የፈተናው ግማሽ ማርክ እንኳን ልጁ በእጁ ለሠራው፣ ለዘፈነው ወይም አይቶ ላስረዳው ይሰጥ። ሰፌድ የሚሰፉ እናቶች፣ ሽሮ ሜዳ ጥበብ የሚሸምኑ ሸማኔዎች፣ ክራር የሚገርፉ ጎረቤቶች በዓመት አንድ ሁለት ጊዜ ክፍል እንዲገቡ ይፈቀድ፤ የታክሲ ቢከፈላቸው ደግሞ ደስ ይለኛል፣ ሙያቸው ነውና። ወላጆች፣ ለወላጅ ስብሰባ ስትመጡ የሒሳቡን ውጤት ከጠየቃችሁ በኋላ «ልጄ ዘንድሮ ምን ሠራ? አሳዩኝ» በሉ። ሱፐርቫይዘሮቻችንም ሲመጡ የዕለት ዕቅድና ማርክ ሊስት ይጠይቁናል፤ እሱን አይተው ሲጨርሱ ልጆቹ የሠሩትንም ይጠይቁን። እስካሁን «የልጆቹን ስዕል አምጣ» ያለኝ የለም። ለዘንድሮው አስቀምጬ እየጠበቅኋቸው ነው።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የአንደኛ ደረጃ መምህር
ከአዲስ አበባ