አካፋዩ ያልተገኘ ቁጥር ሁሉ ብቸኛ ቁጥር አይደለም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ባለፈው ሳምንት ስለ ኮምፒውተር ምስጢራዊ ቁልፎች ያወጣችሁትን ጽሑፍ በደስታ አነበብሁ። ሆኖም ኮምፒውተሮች አካፋይ ያላገኙለት ግዙፍ ቁጥር በዚሁ ምክንያት ብቸኛ ቁጥር እንደሚባል የሚገልጸው አንቀጽ ትልቅ ስሕተት ስላለበት፣ እንደ ሒሳብ መምህርነቴ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልሁም።

ከ1 የሚበልጥ ቁጥር ከ1 እና ከራሱ ሌላ አካፋይ ካለው ውሁድ፣ ከሌለው ብቸኛ ነው፤ አካፋዩን እኛ አወቅነውም አላወቅነውም የቁጥሩ ባሕርይ አይለወጥም። ከዚህ ይበልጥ የሚያስደንቀው ግን አንድም አካፋዩን ሳናውቅ ቁጥሩ ውሁድ መሆኑን ያለ ጥርጥር ማረጋገጥ መቻላችን ነው።

መሠረቱ በ17ኛው መቶ ዘመን የኖረው ፈረንሳዊ ፒየር ደ ፌርማ የደረሰበት ሕግ ነው። ከ2 የሚበልጥ ማንኛውንም ብቸኛ ቁጥር ወስደን፣ ከእሱ በአንድ የሚያንሱ ሁለቶችን እርስ በርስ አባዝተን ውጤቱን ለዚያው ቁጥር ብናካፍል ቀሪው ምንጊዜም 1 ነው። ለ7 ስድስት ሁለቶች ተባዝተው 64 ይሆናሉ፤ 64 ለ7 ሲካፈል 9 ደርሶ 1 ይቀራል። ለ15 ግን ዐሥራ አራት ሁለቶች ተባዝተው 16,384 ይሆናሉ፤ ይህም ለ15 ሲካፈል የሚቀረው 4 ነው። እንግዲህ 3ንም 5ንም ሳንጠራ 15 ውሁድ መሆኑ ታወቀ ማለት ነው። በመቶዎች የሚቆጠሩ አሃዞች ላሉት ቁጥርም ቢሆን፣ በየደረጃው ቀሪውን ብቻ እየያዙ ከተሠራ ይህ ስሌት ለኮምፒውተር የቅጽበት ሥራ ነው።

ተማሪዎቼ ብዙ ጊዜ የሚሰናከሉት ሕጉን ገልብጠው ሲያነቡት ነው። ቀሪው 1 ስለሆነ ብቻ ቁጥሩ ብቸኛ ነው አይባልም፤ 341 ይህንን ፈተና በ2 ያልፋል፣ ነገር ግን የ11 እና የ31 ብዜት ነው። በ2 ፈንታ 3ን ስንጠቀም ቀሪው 56 ስለሚሆን ማንነቱ ይገለጣል።

ውሁድ መሆኑን በማወቅና አካፋዮቹን ፈልቅቆ በማግኘት መካከል ያለውን ርቀት ታሪክም ያሳያል። ፈረንሳዊው ሊቅ ማራን መርሴን እ.ኤ.አ. በ1644 ብቸኛ ናቸው ብሎ ከዘረዘራቸው ቁጥሮች አንዱ፣ 67 ሁለቶችን አባዝቶ 1 በመቀነስ የሚገኘው 147,573,952,589,676,412,927 ነበር። የሒሳብ ሊቁ ኤዱዋር ሉካስ በ1876 ቁጥሩ ውሁድ መሆኑን አረጋገጠ፤ አካፋዩን ግን አላገኘም። አሜሪካዊው የሒሳብ ሊቅ ፍራንክ ኔልሰን ኮል 193,707,721 እና 761,838,257,287 ሲባዙ ይህንኑ ቁጥር እንደሚሰጡ ያሳየው በ1903፣ ከ27 ዓመት በኋላ ነው። ዛሬም 1,048,576 ሁለቶችን አባዝቶ 1 በመጨመር የሚገኘው፣ 315,653 አሃዞች ያሉት የፌርማ ቁጥር ውሁድ መሆኑ በ1988 በታተመ ጥናት ቢረጋገጥም፣ አንድም አካፋዩ አልታወቀም። በእናንተ ጽሑፍ መለኪያ ይህ ቁጥር ብቸኛ ሊባል ነበር!

በጽሑፋችሁ የተነሡት ቁልፎችም የሚሠሩት በዚሁ ርቀት ላይ ነው። አርኤስኤ በተባለው መልእክትን በምስጢር የመጠበቂያ ዘዴ ለሕዝብ ይፋ የሚሆነው ቁጥር ሆን ተብሎ ከሁለት ግዙፍ ብቸኛ ቁጥሮች ብዜት የሚዘጋጅ ውሁድ ቁጥር ነው፤ ውሁድ መሆኑን ሁሉም ያውቃል፣ የሚጠበቀው ምስጢር ሁለቱ አካፋዮች ናቸው። አካፋዮቻቸው እንዲፈለጉ ለውድድር ከቀረቡት እንዲህ ዓይነት ቁጥሮች 250 አሃዞች ያሉት በ2020 ተፈልቅቋል፤ አሁን በስፋት የሚሠራባቸው ቁልፎች ግን 617 አሃዞች ገደማ አሏቸው።

ስለዚህ በሚቀጥለው እትማችሁ፣ በጽሑፋችሁ የተነሣው የቁልፍ ቁጥር ውሁድ እንጂ ብቸኛ አለመሆኑን የሚገልጽ እርማት እንድታወጡልን በአክብሮት እጠይቃለሁ።

አክባሪያችሁ፣
የሒሳብ መምህር